በረዶ ላይ የመጣ ደም

ምላሴ ስለት አለው ይሉኛል። ጉንደ ወይን ሳድግ እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ቤቱ ትቶ ይምጣ» ትለኝ ነበር። ያገባኝ ሰው ጆሮውን ይዞ መጣ መሰለኝ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጥሎኝ ሄደ። አልተጸጸትኩም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በላብራቶሪ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ በእጄ ካለፉት ልጆች ያላለቀሰ የለም፣ ሥራውን ሳያውቅ የወጣም የለም። «ሥራነሽ ካልጮኸች ላብራቶሪው አይሠራም» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የማወራው ራሴን ለማስተዋወቅ አይደለም። የያለምወርቅን ነገር የሚሰማ ሰው አስቀድሞ የእኔን ጠባይ ማወቅ ስላለበት ነው።

ያለምወርቅ ከአማኑኤል ከተማ ወደ ላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ፣ በጤና ኬላ የምትሠራ ነርስ ናት። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት አንዲት ልጇን ሔዋንን ይዛ አባቷ ቤት ተቀመጠች። አባቷ አቶ ታረቀ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት በጋውን ሙሉ ሲያስሉ ከርመው፣ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበርና ሚያዝያ ላይ ሞቱ። ያስታመመቻቸው ሔዋን ናት። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብትሆንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ ከአያቷ መደብ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ አክታቸውን ትቀበላቸዋለች። እናቷ የሌላውን ሰው በሽተኛ ስታይ ትውላለችና ሌላ ሰው አልነበረም።

ላብራቶሪያችን ደግሞ በዚያው ዓመት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ የነበረባቸው ቤቶች ላይ ጥናት ጀምሮ ነበር። ሥራው ደም መመርመር ነው፤ ግን ጀርሙን ፈልጎ ማየት አይደለም። የሰውየው ነጭ የደም ሴሎች ጀርሙን ያውቁት እንደሆነ ሴሎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው።

ደሙን በወፍራም ፈሳሽ ላይ ቀስ አድርገን እናፈስና በማሽን እናሽከረክረዋለን። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው በክረምት ጠዋት ማርቆስን እንደሚሸፍነው ጉም ያለ ስስ ንጣፍ ይቀመጣል። ነጭ ሴሎቹ እነሱ ናቸው። በጥንቃቄ ቀድተን፣ አጥበን፣ በማይክሮስኮፕ ቆጥረን፣ ምግባቸውን ጨምረን ትንንሽ ጉድጓዶች ባሏት የፕላስቲክ ሳህን ላይ እናስቀምጣቸዋለን። ለአንድ ሰው ሦስት ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያዋ ምንም አንጨምርም። በሁለተኛዋ ከነቀርሳው ጀርም የተወሰደ ፕሮቲን እንጨምራለን። በሦስተኛዋ ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ነገር እናደርጋለን፤ ይህ ነገር ጀርሙን ያወቀውንም ያላወቀውንም፣ ማንኛውንም ጤነኛ ነጭ ሴል ቀስቅሶ የሚያስነሣ ነው። ከዚያ በሰው ገላ ሙቀት፣ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ እናሳድራቸዋለን። የተነሡ ሴሎች የሚረጩት ነገር አለ፤ በማግስቱ እሱን በቀለም እንለካለን። ብዙ ከረጩ ጉድጓዷ ቢጫ ትሆናለች።

ሁለተኛዋ ቢጫ ከሆነች ሰውየው ከጀርሙ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ መከላከያ መድኃኒት ይጀምራል። እኔን ሁልጊዜ የምታስፈራኝ ግን ሦስተኛዋ ናት። ሦስተኛዋ ቢጫ ካልሆነች ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሴሎቹ መንገድ ላይ ተበላሽተዋል፣ ወይ የሰውየው ሰውነት መከላከሉን ትቷል። ሁለተኛው ከሆነ ሰውየው በዚያው ቀን ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት። ጀርሙ ከልካይ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ እየሄደበት ሊሆን ይችላልና አንድ ሳምንትም ብዙ ነው።

ሰኔ ዐሥራ ሰባት ቀን ያለምወርቅ የዐሥራ አራት ሰው ደም ይዛ መጣች። ከመካከላቸው አንዷ የራሷ ልጅ ነበረች። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርድ ነበር፤ መንገዱ ለሦስት ቀን ተዘግቶ የተከፈተ ዕለት ስለሆነ ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ነው የመጣው። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ደሙን የተቀበለው ረዳቴ ምስጋናው ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ዐሥራ አራቱም ቱቦዎች በመደርደሪያቸው ተሰልፈው አገኘኋቸው፤ ስማቸው በያለምወርቅ ቁልጭ ያለ ጽሕፈት ተጽፎባቸዋል። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ያላት ሴት ጠንቃቃ ናት ብዬ በልቤ አመሰገንኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ጨምረን ቆምን። ብዙውን ጊዜ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስተኛው ረድፍ እንደ አደይ አበባ ይፈካል። ያን ቀን ሩብ ሰዓት ሞላ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ምስጋናው ሳህኗን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ አየ።

«እትዬ፣ አልተነሡም» አለኝ።

«ማንኛቸው?»

«ሁሉም።»

ሳህኗን ነጠቅሁት። በጠርዟ ላይ የራሴ ደም ነበር። በየሳምንቱ ከክንዴ ተቀድቶ አብሮ ይፈተናል፤ ስሕተቱ የእኛ መሆን አለመሆኑን የምናውቀው በሱ ነው። የእኔዎቹ ቢጫ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደህና ነው፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ እጃችንም ደህና ነው። የዐሥራ አራቱን ሰዎች ሴል በማይክሮስኮፕ አየሁት። አልሞቱም። ጤነኛ ሴል ሲቀሰቀስ ተጠራርቶ እንደ ወይን ዘለላ ይሰባሰባል፤ እነዚህ ግን ክብ ክብ ሆነው፣ ተራርቀው፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስል ተቀምጠዋል። ፈራሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ደም አስፈርቶኝ አያውቅም ነበር።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር እንዳላማው ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል።

«አንድ መንደር ሙሉ?» አለኝ። «ምን ጠጥተው ነው? ምን ቢይዛቸው ነው፣ እትዬ ሥራነሽ?»

ኤችአይቪ አሰብን፤ ዐሥራ አራት ሰው በአንዴ፣ ሕፃንም ሽማግሌም አይሆንም። ጎተራ ውስጥ የሚጨምሩትን የነቀዝ መድኃኒት አሰብን። ስም ያልወጣለት አዲስ በሽታም አሰብን፤ እሱን ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም። አብረውን የሚሠሩት ሁለት ተለማማጆች ደሙን ያለ ጓንት ነክተን ይሆናል ብለው እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ። እንዳላማው ለአዲስ አበባ ሪፖርት ሊጽፍ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ ጻፈና ሦስት ጊዜ አጠፋው።

እኔ ቁጥሩን ከማሽኑ አወጣሁ። ማሽኑ ዓይን የማያየውን ቀለም ያነባል። ዐሥራ ሦስቱ በሦስተኛዋ ጉድጓድ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ ነገር ረጭተዋል። ዐሥራ አራተኛዋ ሔዋን ናት። የሔዋን ቁጥር ምንም ካልጨመርንባት ከመጀመሪያዋ ጉድጓድ ጋር እኩል ነበር። አየሁት፣ በጣቴም ነካሁት። ከዚያ አለፍኩት።

ያለፍኩት በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ስለመጣልኝ ነው።

«ምስጋናው፣ ደሙን ስትቀበል ቱቦው እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ ነበር፣ እትዬ። በክትባት ሳጥን ነው ያመጣችው።»

ክትባት በረዶ ይወዳል። በየጤና ኬላው ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ሲጀምር የሚማረው፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የሚጠየቀው፣ ካጎደለ የሚወቀስበት ነገር እሱ ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቶ መንገድ የሚሄድ ነገር ሁሉ በዚያች ሰማያዊ ሳጥን፣ በበረዶ ታጅቦ ይሄዳል። በሕይወት መፈተን ያለበት ነጭ ሴል ግን በረዶ ላይ ከዋለ ይደነዝዛል። ያለምወርቅ ደሙን በጥንቃቄ፣ በደንቡ መሠረት አደንዝዛው ነበር።

መንደሩ ደህና ነው። ደስታዬ ወዲያው ቁጣ ሆነ፤ የእኔ ደስታ እንዲህ ነው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላትና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቅሁት። እንዳላማው አለ፣ ምስጋናው አለ፣ ሁለቱ ተለማማጆችም ነበሩ።

«ያለምወርቅ፣ ደሙን በምን አመጣሽው?»

«በክትባት ሳጥን ነዋ፣ እትዬ። አራት በረዶ አድርጌ፣ ክዳኑን በደንብ ገጥሜ። ምነው፣ ቀለጠ እንዴ?»

«ቀለጠ? ብትቀብሪው አይሻልም ነበር? ዐሥራ አራት ሰው ወግተሽ ሬሳ ነው ያመጣሽልኝ! ስንት ዓመት ነው ነርስ የሆንሽው? ጤና ኬላ ነው ወይስ ሥጋ ቤት የምትሠሪው?»

ከወዲያ በኩል ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ኸረ ምን መሰለዎት፣ የሔዋን ግን…»

«የሔዋንም የማንም ያው ነው! ያንቺ ልጅ ስለሆነች የተለየች መሰለሽ? ሁሉንም ነው ያበላሸሽው!»

ከተለማማጆቹ አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ያለምወርቅ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ዘጋሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ዕለት አፋፉም ገደሉም አልታየኝም። ልክ ልኳን ነገርኳት ብዬ ሻይ አዘዝኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ግንቦት ላይ የየጤና ኬላውን ነርሶች ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ነበር የተሰጠኝ፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ስም አጻጻፉ፣ ስለ ሰዓቱ ነግሬአቸዋለሁ። «አታቀዝቅዙት» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። በእንግሊዝኛ በተጻፈው መመሪያ አራተኛው ገጽ ላይ አለ፣ ያነቡታል ብዬ ነበር። በስልክ ስጮህ ይህን አውቄዋለሁ። ምናልባት ያን ያህል የጮህኩትም ስለማውቀው ነው።

በነጋታው እንዳላማው ቁጥሩ የወጣበትን ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ገባ።

«ይህች ልጅ ሽማግሌውን ያስታመመች ናት። የሷን እንኳ ዛሬውኑ አስመጥተን ብንደግመው?»

«ከሌሎቹ ጋር ትምጣ።»

«ቁጥሯ እኮ ከሁሉም ያነሰ ነው፣ እትዬ።»

«በረዶው ከሥር ይበረታል። የሷ ከሥር ተቀምጦ ይሆናል። በዚህ ዕድሜዬ በረዶ የመታውን ሴል አንተ ነህ የምታሳየኝ?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ መሰለኝ ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ። እኔ መዝገቡን ከፍቼ በስሟ አንጻር «በቅዝቃዜ የተበላሸ፣ ይደገም» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩ።

መድገሙ ግን አልፈጠነም። የመቀስቀሻው መድኃኒት አልቆ ነበርና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከዐሥር ቀን በላይ ጠበቅን፤ መንገዱም እንደ ልማዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ያለምወርቅ ዳግመኛ ደም ቀድታ የመጣችው ሐምሌ ሁለት ቀን ነው። አስቀድመን ስለነገርናት በዚህ ጊዜ በረዶ የለም፤ ቱቦዎቹን በጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋቸው ነበር። ቆጠርኳቸው። ዐሥራ ሦስት ናቸው።

«ሔዋንስ?»

«ፈተና ገብታለች» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «ሰኔ ሠላሳ ነው የገቡት።»

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አገር አቀፉን ፈተና የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ነው። ስልክ አይገባም፣ ወላጅ አይገባም፣ የገባም ተማሪ እስኪጨርስ አይወጣም። ሔዋን እዚሁ ማርቆስ ነው የደረሳት። ከላብራቶሪያችን መስኮት የግቢው አጥር ይታያል።

«ደህና ናት?»

«ትንሽ አተኩሷት ነበር። ጥናቱ ነው መሰለኝ፤ እንቅልፍ የላት፣ እህል አትቀምስ።» ከዚያ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ፊቴን አየችው። «ምንም አይደል፣ እትዬ» ብላ ጋቢዋን አጣጠፈች።

«ከፈተናው ስትወጣ በቀጥታ ወደኔ ይዘሻት ነይ» አልኳት። አተኩሷት ነበር ያለችውን ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሰሞን ያላተኮሰው የፈተና ተማሪ የት አለ ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ዐሥራ ሦስቱም ቢጫ ሆኑ። ሦስተኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ፈካ፤ ምስጋናው አጨበጨበ። ሁለት ሰዎች በሁለተኛዋ ጉድጓድም ቢጫ ስለነበሩ መከላከያ መድኃኒት ተጻፈላቸው። እንዳላማው ምሳ ጋበዘን። የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም ነበርና በያይነቱ አዝዘን በላን፣ ሳቅን፣ ስም የሌለው በሽታ እያልን እርስ በርሳችን ተቀላለድን።

«የሔዋንም በረዶው ነበር ማለት ነው» አለ እንዳላማው እየጎረሰ።

«ታዲያ ምን መሰለህ?» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ሻይ በጠጣሁ ቁጥር በመስኮቱ ቆሜ ነው። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት በዝናብ ተሰልፈው ወደ ፈተና ክፍል ሲገቡ ከአጥሩ ባሻገር ይታዩኛል። ከነዚያ አንዷ ሔዋን ነበረች። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ዓይቻት አላውቅምና። ድምፄን ከፍ አድርጌ ብጠራት ልትሰማኝ የምትችልበት ርቀት ነው፤ ለጩኸት ደግሞ እኔ አልታማም።

ሐምሌ ስምንት ቀን እናቷ ይዛት መጣች። ላብራቶሪው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው ኮቴ ከቢሮዬ ይሰማል። ሦስት ደረጃ ወጥቶ የሚቆም፣ እንደገና ሦስት ወጥቶ የሚቆም ኮቴ ሰማሁ። ሽማግሌ መስሎኝ ልደግፍ ወጣሁ። አንዲት ረጅም ልጅ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆማ ታለከልካለች። የትምህርት ቤት ሹራቧ በሚስማር የተሰቀለ ይመስላል፣ ገላ የለበትም።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለችኝና ፈገግ አለች። «እናቴ በጣም ቁጡ ናቸው ብላኝ ነበር።»

«ነኝ» አልኳት። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

እጇን ስይዘው ሙቀቱ ጓንቴን አልፎ ተሰማኝ። ስለካት ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የመስኮቱን ብርሃን እየሸሸች ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አንገቷን ስታዞር ትከሻዋም አብሮ ይዞራል።

«ራሴን ከጀመረኝ ሳምንት ሆነኝ» አለች። «እንዳያስወጡኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሒሳቡን ግን ጨርሼዋለሁ።»

ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነርስ ናት፤ እንዲህ የደረቀ አንገት በሽታው አንጎል መድረሱን እንደሚናገር ታውቃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች።

ሁለት ቱቦ ቀዳሁ። መልሱን አልጠበቅሁም፤ እንዳላማውን ጠርቼ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ከሰዓት በኋላ የደረት ራጇን አየሁት። ሁለቱም ሳንባዎቿ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰው ዳጉሳ በእፍኙ የበተነበት ይመስላል። ነቀርሳው ሳንባዋን አልፎ በደሟ ተሰራጭቶ አንጎሏ ደርሷል። የተቀበላት ሐኪም «ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ቢሆን…» ብሎ ጀመረና እናቷን ሲያይ አልጨረሰውም። በዚያው ሰዓት መድኃኒት ጀመሩላት።

በማግስቱ የሷን ሳህን ብቻዬን አነበብኩ። ያ ደም ከክንዷ እስከ ማሽኑ የተሻገረው አንድ ክፍል ነው፤ በረዶ አላየም። ሦስተኛዋ ጉድጓድ እንደ ውሃ ቀለም አልነበራትም። የሰኔውን ወረቀት አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። እንዲህም ሆኖ፣ የሰኔው በረዶ ነው፣ ይኸኛው በሽታ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ለማዳን ብሎ የማያምነው ነገር የለም።

በየቀኑ ልጠይቃት እሄድ ነበር። ነቃ ባለች ጊዜ ሥራዬን ትጠይቀኛለች፤ ሴሎች እንዴት እንደሚያድጉ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ቦሎቄው ለምን እንደሚያስቆጣቸው።

«የኔዎቹ ተኝተው ነው ወይስ የሉም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አሉ። ደክሟቸው ነው።»

«እርስዎ ይቆጧቸዋ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ራሷን አመማትና አቆመችው። ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወራችም።

ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ቀን ሞተች።

ለሣልስቱ እንዳላማውና ምስጋናው አብረውኝ ሄዱ። እስከ አማኑኤል በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ጭቃ እየረገጥን ወጣን። ግቢው ሰው ሞልቷል። ደም ከሰጡን ሰዎች የቀረ የለም፣ ዐሥራ ሦስቱም እዚያ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው እየተነሡ ሲጨብጡኝ ሞቅ ያለ ጤነኛ እጃቸውን ልይዘው አልቻልኩም። ያለምወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ በዓይኗ ጠራችኝ። ተከትያት ጓዳ ገባሁ። በሩን ገፋ አደረገችው።

«እትዬ፣ ሲከነክነኝ የከረመ ነገር አለ። እርስዎ ያውቁታልና ይንገሩኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ያን ጊዜ በሰኔ፣ የዐሥራ ሦስቱን በረዶ ላይ አደረግሁና የሷን ሳነሣ እጄ እንቢ አለኝ። ገና ትኩስ ነበር። እንዴት ብዬ የልጄን ደም በረዶ ላይ አስተኛለሁ? በመቀነቴ ጠቀለልኩና ሆዴ ላይ አሰርኩት። ኸዚህ ተነሥቶ ማርቆስ እስኪደርስ ኸገላዬ አልተለየ። ኸናንተ በር ላይ ስደርስ ለልጇ አዳላች እንዳልባል ብዬ ኸሌሎቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ሰካሁት። ያን ለት በስልክ ልነግርዎት ነበር። በኋላም ልነግርዎት ነበር። ፈራሁ።»

የሰው ገላ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፤ እኛ በስንት ብር በገዛነው ማሽን የምንጠብቀው ሙቀት ነው። ከዐሥራ አራቱ ደም በደህና የመጣው አንዱ ብቻ ነበር፣ ያም የሔዋን ነው። ከዐሥራ አራቱ መልስ እውነተኛው አንዱ ብቻ ነበር፣ ያም የሔዋን ነው። ያን መልስ ሃያ ቀን ሙሉ መዝገብ ውስጥ ቆልፌበት፣ ፈርሜበት ኖሬአለሁ። እናቷ «የሔዋን ግን» ስትለኝ አንድ ቃል አስጨርሻት ቢሆን ልጅቷን በዚያው ቀን በእጄ እይዛት ነበር። ይህ ሁሉ የመጣብኝ ያለምወርቅ ፊቴን እያየች ቆማ ሳለ ነው።

«የገላዬ ሙቀት ይሆን ያበላሸው?» አለችኝ። «እንደ በረዶው ሁሉ የገላ ሙቀትም ጠላቱ ነው? ወይስ ብናገር ኖሮ ታውቁት ነበር? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

እውነቱን ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ እነዚያን ሃያ ቀናት ስትቆጥር ትኖራለች። እውነቱን ብነግራት ደግሞ ማን ዝም እንዳሰኛት ታውቃለች። ከሁለቱ የትኛው እንደያዘኝ፣ አዝኜላት ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። በሕይወቴ ሰው ፊት ቃል አለስልሼ አላውቅም ነበር።

«አዎ» አልኳት። «የገላ ሙቀትም ያበላሸዋል። ብትነግሪኝም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።»

ደረቷ ከፍ ብሎ ወረደ። ጓዳው ውስጥ ያለ የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

«ተመስገን» አለች። «እንኳን ዝም አልኩ። ደግሞ ይቆጡኝ ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ይዤ ከለከልኳት፤ አልሆነም፣ ሳመችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«አብሮ ይስጠን» አልኳት።